ያልገዘቱት መምሬ

መምሬ ወርቁ ማረፋቸውን የነገረኝ ጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለው ማሳው ማንጎና ፓፓያ የሚያመጣልኝ ሰው ነው። ሌላ ቀን ጋሪውን ሳያቆም ገና ከሩቅ ነው ስለ ዋጋ መጨቃጨቅ የሚጀምረው። ያን ዕለት ግን ዝም ብሎ መጣና ሳጥኖቹን ሳያወርድ ቆመ።

«ጥሩዬ፣ እስቲ ቢላዋውን አስቀምጪው» አለኝ በስሜ ጠርቶ።

«ምነው? ደግሞ ልትጨምር ነው?»

«ወላሂ አልጨምርም። መምሬ ዐርፈዋል። አሁን በቤታቸው በኩል ሳልፍ ድንኳን ሲተክሉ አየሁ። አላህ ይዘንላቸው።»

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ጋሪው አዞረና ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። እኔም ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ለማንም መንገደኛ ጁስ አልጨመቅሁም።

ጁስ ቤቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። መንገደኛው ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ እኛ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ጃኬቱን በክንዱ ተሸክሞ «ቀዝቃዛ ነገር የለም?» እያለ ይመጣል፤ ጠጥቶ ይሄዳል፤ መልኩም አብሮት ይሄዳል። መምሬ ወርቁ ግን ከቅዳሴ መልስ የዘወትር ደንበኛዬ ነበሩ። ረዥም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ የደብረ ሲና ሰው። ግማሽ ዕድሜያቸውን ቆላ ኖረው ቆላን ያልለመዱ ደገኛ። «እግዚአብሔር ሮቢትን የፈጠራት ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ነው» እያሉ በጥምጥማቸው ጫፍ ግንባራቸውን ይጠርጉ ነበር። የሚጠጡት ስኳር የሌለው ማንጎ ነው። ስኳር ልጨምር እጄን ስዘረጋ መዳፋቸውን ብርጭቆው ላይ ይከድኑና «እሱ ያደረገበት ይበቃል» ይሉኛል።

የቤታችን የነፍስ አባት ነበሩ። አባቴ ሲሞት ያናዘዙት እሳቸው፣ ታናሽ ወንድሜን ሲሳይን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። በየወሩ በሚካኤል ቀን ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት እየዞሩ ይባርካሉ። እናቴ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ታቀርባለች፤ እሳቸው ጸሎታቸውን አድርሰው በመስቀላቸው ይባርኩትና በየጥጉ ይረጫሉ። ሲጨርሱ የተረፈውን ውኃ ድንገት ሲሳይ አናት ላይ ደፍተው ይስቁ ነበር። ሲሳይ ጢም ካወጣ በኋላም አልተዉትም።

እንግዲህ መምሬን የማይወድ ሰው አልነበረም ብዬ አልዋሽም። የሚያሳማቸው አንድ ነገር ነበር፤ አይገዝቱም። ግዝት ማለት ካህን በሥልጣኑ መስቀሉን አውጥቶ «ይህን ብታደርግ ውጉዝ ሁን» ብሎ ሰውን በቃል የሚያስርበት ነው። የተገዘተ ሰው ካህኑ እስኪፈታው ድረስ ያን ነገር አይነካም፤ ቢነካ ነፍሱ የጠፋች ይመስለዋል። በእኛ አገር ገመድ የማይመልሰውን ሰው ግዝት ይመልሰዋል። ስለዚህ ባሏ የሚጠጣባት፣ ልጇ ጫት ላይ ውሎ የሚያድርባት፣ ከወንድሙ በድንበር የተጣላ፣ ሁሉም ወደ ነፍስ አባቱ ይሮጣል። ሌሎቹ ቄሶች ይገዝታሉ። መምሬ ወርቁ ግን ማንንም አልገዘቱም፤ ሮቢት ከመጡ ወዲህ ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ብርጭቆአቸውን እንደያዙ አንዲት ጎረቤታችን ሰው ሁሉ እያየ እግራቸው ላይ ወደቀች። ባሏ አረቄ ቤት ነበር የሚውለው።

«መምሬ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይገዝቱልኝ!»

«ገዝቼው ቢተው፣ ማን ተወው ይባላል?»

«ማንስ ቢተው ምን ቸገረኝ! ብቻ እቤቱ ይዋልልኝ።»

«በሬም እኮ እቤቱ ይውላል» አሉ።

ሰዉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። መምሬ ይህን ሲያዩ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ከመሬት አነሷትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አየሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ኪሩብን የነበልባል ሰይፍ አስይዞ ገነት በር ላይ ያቆመው መቼ ነው? አዳም ከወጣ በኋላ ነው። ታዲያ ከመብላቱ በፊት ዛፏ ሥር ማቆም አቅቶት ነው? እሾህስ ጠፍቶ ነው ሳያጥራት የቀረው? ልጅ ፈልጎ ነው። በአጥር የሚያዝ ከብትማ ሞልቶት ነበር። ሊበላ እንደሚችል እያወቀ እጁን አልያዘውም። ከወደቀ በኋላ ግን ‹አዳም፣ ወዴት ነህ?› እያለ ፍለጋ የወጣው እሱ ራሱ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሄደን እንለምነዋለን። ዛሬ እምቢ ቢል ነገ እንሄዳለን።»

ሄዱም። ከነጥምጥማቸው አረቄ ቤት ገብተው ሰካራም መሀል ቁጭ ብለው ለመኑት። ሰውየው ተወ ብዬ አላጋንንም፤ አንዳንዴ ይተዋል፣ አንዳንዴ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር መምሬም ይሄዱ ነበር። የሮቢት ሰው አፉ ክፉ ነውና «መምሬ አረቄ ለመዱ» ተባለ። ሰምተው ሳቁ።

ከጋሽ ሰይድ ጋር ደግሞ ክርክራቸው አያልቅም ነበር። ጋሽ ሰይድ «ሁሉም በአላህ ተጽፏል መምሬ፤ እኛ ምን አቅም አለን» ይላል።

«እንግዲያው ትናንት ጥሬውን ማንጎ ከሥር ደብቀህ ለጥሩ የሸጥክላት ተጽፎብህ ነው?»

«አስተግፊሩላህ! እሱማ የእኔ ሥራ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ ሌላውንም እንደዚሁ የእኔ ነው በል።»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ይስቃሉ። የማልስቀው እኔ ነኝ፤ ማንጎው የእኔ ነበራ!

ለሁሉ ነገር መልስ ነበራቸው ማለት ግን አይደለም። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ተፈናቅለው እኛ ጋ ከመጡት መካከል አንድ የልብስ ነጋዴ ነበር። ሱቁም ቤቱም አመድ ሆኗል። ጁስ ቤቴ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ መምሬን አያቸውና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ጠየቃቸው። «አባቴ፣ ክብሪቱን ሲጭሩ እግዚአብሔር አያይም ነበር? ለምን እጃቸውን አልያዘልኝም?»

«ያይ ነበር» አሉ መምሬ። «የእነሱን እጅ ቢይዝ የእኔንም ያንተንም መያዝ ሊኖርበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። የሰውየውን ፊት አይተው ነው ያቆሙት። ከዚያ «ይቅር በለኝ ልጄ። ይህን የምልህ የእኔ ቤት ሳይቃጠል ነው» አሉት። ነጭ ልብሳቸውን ሳይሳሱለት አጠገቡ አፈር ላይ ተቀመጡ። አውቶቡሶቹ ሁሉ ተነሥተው እስኪሄዱ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት ቆዩ።

አሁን ወደ ሲሳይ ልምጣ። ወደ እሱ መምጣት ስለማልወድ ነው እስካሁን እዚህም እዚያም የረገጥኩት።

ሲሳይ ከሮቢት አጣዬ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ጸጥታው ሲደፈርስ መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ሚኒባሱም ቆመ። የጮኸበት፣ የሳቀበት፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረበት ሥራ ጠፍቶ እቤት መዋል ጀመረ። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር መንሾካሾክ መጣ። በአፋር ወርዶ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መምሬ ቤት ገሠገሠች፤ እኔም ተከተልኳት።

እናቴ ዘነበች ሰው እግር ላይ የምትወድቅ ሴት አይደለችም። ቆማ ነው ያዘዘቻቸው።

«መምሬ፣ ሲሳይን ይገዝቱልኝ። አዋሽን እንዳይሻገር።»

«እለምነዋለሁ ዘነበች። ካስፈለገ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ልመናውንማ እኔም ለምኛለሁ። በልመና የሚቀር ቢሆን እርስዎ ጋ ምን አመጣኝ? ግዝት ይፈራል። አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል ተናግረው ልጄን ያትርፉልኝ።»

መምሬ ላባቸው እየወረደ አልጠረጉትም። «አልችልም» አሉ።

«አልችልም ነው አልፈልግም?»

«አልችልም፣ ዘነበች።»

እናቴ ያን ጊዜ ወደ ጓዳው በር አየች። የመምሬ ልጅ አሰለፈች እዚያ ቆማ ነበር፤ ሳታገባ ሳትወልድ አባቷን የምትጦር ጎልማሳ ሴት ናት። «የእርስዎማ ልጅ እቤትዎ ቁጭ ብላለች» አለች እናቴ። «የሚሄደው የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ይገዝቱ ነበር!»

መምሬ በጥፊ የተመታ ሰው መሰሉ።  ተቆጥተው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲሳይን ያልለመኑበት ቀን የለም። እየመጡ ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ ይነግሩታል፤ ያለቅሱበታል። ሲሳይ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማና «እሺ መምሬ፣ አስብበታለሁ» ይላል። አስቦበት ነበር። የሄደ ቀን የጭነት መኪናው ጋ የሸኘነው እኔና እሳቸው ነን፤ እናቴ አልወጣችም። መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው ሲናገሩት ሰምቻለሁ። «ብትቀር ደስ ይለኝ ነበር። ከሄድክ ግን እግዚአብሔር ቀድሞህ ይሂድ። ልብህ መለስ ካለብህ ደግሞ መመለስ አትፈር፤ ማንም አይስቅብህም» አሉት። ሲሳይ መስቀሉን ተሳልሞ መኪናው ላይ ወጣ። ዞሮ ድሮ ሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያደርገው እጁን አወዛወዘልን።

አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ደወለ። «ነገ ጀልባ እንሳፈራለን፤ እማዬን አይዞሽ በያት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማነውም። ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ። አብረውት ከሄዱት አንዱ ተመልሶ «ሲሳይ በሰጠመው ጀልባ አልነበረም» አለን፤ ሌላው ደግሞ ሲሳፈር አይቼዋለሁ አለ። ሞተ ብለን ፍትሐት አላስደረግን፣ አለ ብለን አልተጽናናን። እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ዕንባም አላወጣችም። ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ በሩን በመምሬ ላይ ዘጋች። «ባርከው ሸኙት፤ ከእንግዲህ ቤቴን እንዳይባርኩ» አለች። የነፍስ አባትም ለወጠች።

መምሬ ግን መምጣቱን አልተዉም። በየወሩ በሚካኤል ቀን የቆርቆሮ በራችንን በከዘራቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ይመታሉ። «ዘነበች፣ እኔ ነኝ» ይላሉ። ይጠብቃሉ። እናቴ ከውስጥ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ በሩን እያየች መንጋጋዋን ነክሳ ዝም ትላለች። መልስ ሲያጡ እዚያው ቆመው ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ በላስቲክ ዕቃ ከያዙት ጠበል በሩ ላይ ረጨት አድርገው ይሄዳሉ። በጋውም ክረምቱም አለፈ፤ ሌላ በጋ መጣ። ክረምት ላይ ሰፈራችን ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንድ ጊዜ «እማዬ፣ ሽማግሌ ሰው እኮ ናቸው» ብላት «ማን ኑ አላቸው?» አለችኝ።

መጨረሻ ላይ ለራሳቸው ነገርኳቸው። «የበሩ ቁልፍ እኔም ጋ አለ መምሬ። በሚቀጥለው ሚካኤል እኔ እከፍትልዎታለሁ።»

«ቤቱ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእማዬ።»

«እሷ ሳትከፍት ከገባሁ ሌባ ነኛ! መስቀል የያዘ ሌባ።»

«ታዲያ ለምን ይመላለሳሉ?» አልኩ ተናድጄ።

«ካልመጣሁማ የከፈተች ቀን ማንን ታገኛለች?»

ከዚያ ብርጭቆውን ገፋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። «እናትሽ ያን ቀን ‹የእርስዎ ቢሆን ይገዝቱ ነበር› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ገዝቻለሁ።» ደብረ ሲና ሳሉ፣ ገና በወጣትነቷ አሰለፈች አንድ ሰው ወደደች። ሰውየው ሸማኔ ነበር። መምሬ የእጅ ሥራውን ናቁና ልጄን አልሰጥም አሉ። አሰለፈች እምቢ ስትል መስቀላቸውን አውጥተው «እሱን ብታገቢ ውጉዝ ሁኚ» አሏት። «ተወችው» አሉኝ። «በማግሥቱ ምግቤን አቀረበችልኝ፤ ማታም እግሬን አጠበችኝ። ልጄ ታዘዘችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አልነግርሽም፤ ያሳፍረኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ሲገባኝ ግዝቱን ፈታሁና ‹ሂጂ ልጄ› አልኳት። ‹የት?› አለችኝ። ሰውየው አግብቶ ወልዶ ነበር።»

መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጨብጠው ነበር፤ ቀስ ብለው ከፈቱት። «እግዚአብሔር የማያደርገውን ነገር በስሙ አደረግሁት። እሱ ልጆቹ ፈርተው እንዲቀሩለት ቢፈልግ ኖሮ አንዳችንም ከደጁ አንወጣም ነበር።»

«ይህን ለእማዬ ልንገራት» አልኳቸው። 

«እንዳትነግሪያት!» አሉ፤ ሲቆጡኝ ያን ቀን ብቻ ነው የማውቀው። «ይህን አውቃ ብትከፍትልኝ አዝናልኝ ነው የምትከፍተው። እሱም ሌላ ግዝት ነው። ተያት፤ ራሷ ትክፈት።»

እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ለእኔ እንዴት ያለ ቅጣት እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ መሆን አለበት፣ መምሬ ዝናብ እየመታቸው ጁስ ቤት ገቡ። ከእኛ ቤት ደጃፍ መመለሳቸው ነበር። ፊታቸው የፋሲካ ሌሊት ይመስላል።

«ጥሩዬ፣ ዛሬ ስኳር ጨምሪበት» አሉኝ።

«ምን ተገኘ መምሬ?»

«እናትሽ አነጋገረችኝ።»

ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ በዝናብ ሮጥኩ። እናቴ ዱካዋ ላይ ነበረች፤ በሩም እንደተቆለፈ ነው። «መምሬን አነጋገርሻቸው አሉ!» ብዬ ልጠመጠምባት ስል «እኔ?» አለች። «ለእሳቸው አፌን ከፍቼ እንደሆነ ይዝጋኝ!» እናቴ ስትምል አትዋሽም። እርጅናው ነው፣ ብቻቸውን ሲቆሙ ድምፅ የሚሰሙ መሰላቸው ብዬ አዘንኩላቸው። ለራሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ያን ስኳር ያለው ማንጎ እስከ ጠብታው ጠጥተውት ነበር።

ዘንድሮ ወባ ጣላቸው። በታመሙበት ወር በሚካኤል ቀን በራችን አልተመታም። እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትወጣ ጠበቀች። «ዛሬ አልመጡም» አለች ስሞታ በሚመስል ድምፅ። «ታመዋል፤ ሄደን እንጠይቃቸው» አልኳት። «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ነው ጋሽ ሰይድ ቢላዋውን አስቀምጪው ያለኝ።

እቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ከእኔ ቀድማ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ አሰለፈች መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተቀምጣለች። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ወደ እሷ ዘንበል ብላ ተናገረች።

«አንቺስ ነበርሽላቸው። ከደጃቸው አልራቅሽም። እኔ ነኝ እንጂ፣ ገዝተው ያስቀሩልኝ ብዬ ለምኜ…»

«እትዬ ዘነበች» አለች አሰለፈች ቀስ ብላ፣ «እኔን እኮ ገዝተው ነው ያስቀሩኝ።»

እናቴ ቀና አለች። አሰለፈች የሸማኔውን ነገር በአጭሩ ነገረቻት፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስላል። «ቀረሁ» አለች። «ግን ከእሳቸው ጋር የነበርኩ እንዳይመስልዎት። እጄ ነው የቀረው። ግዝቱን ከፈቱልኝ በኋላም በእልህ ነበር የማገለግላቸው፤ እያዩኝ እንዲቃጠሉ ብዬ። ዐውቀውታል፤ ችለው ዝም አሉ። አምና ነው፣ አሞኝ ተኝቼ ‹ዛሬ እኔ ልሥራልሽ› ብለው ጓዳ ገቡ። ሽሮውን አሳረሩት። ጥምጥማቸው በጭስ ጠቁሮ ድስቱን ይዘው ብቅ ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አለቀሱ። ድስቱን እንደያዙ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያበላኋቸው ወድጄ ነው፣ እትዬ። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።»

እናቴ የአሰለፈችን እጅ ያዘች። እስክንነሣ ድረስ አልለቀቀችውም።

መምሬ ከተቀበሩ በኋላ የሚካኤል ቀን መጣ። እኩለ ቀን ላይ እቤት ብቅ ስል ከሩቅ አንድ ነገር አስደነገጠኝ፤ የቆርቆሮ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ያ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ተሞልቶ ተቀምጧል።

«አዲሱ ቄስ ሊመጡ ነው?» አልኳት።

«አይደለም።»

ከአጠገቧ ቁጭ አልኩ። በተከፈተው በር መንገዱን እያየች ተናገረች። «ልጄን የወሰዱብኝ እሳቸው እንዳልሆኑ ዐውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ቀንም ዐውቅ ነበር። ግን የምቆጣው ሰው ፈለግሁ። እግዚአብሔርን እንዳልቆጣ ፈራሁ፤ ሲሳይን እንዳልቆጣ የለም። እሳቸው ደግሞ ይመጡልኝ ነበር።» ቀጥላም «ሁልጊዜ በሚቀጥለው ሚካኤል እከፍትላቸዋለሁ እል ነበር» አለች።

 ከዚያ በጣቷ ከበሩ ውጪ አመለከተች። ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ ሰው ቆሞ በሚያንኳኳበት ቦታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አምና በክረምቱ ድንገት ያየሁት ነው። ጎረቤት ለጭቃው ያስቀመጠው መስሎኝ መርቄ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች እናቴ። «በበሩ ቀዳዳ ሳይ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ይጸልያሉ። ሰኔ ላይ ነው። አንጀቴ አልቻለም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከጓሮ አንከባልዬ አወጣሁት፤ ማንም አላየኝም። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ እዚያ ላይ ቆሙ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሳያዩት ነው የሄዱት።»

ሰኔ። የሚቀጥለው ወር ሐምሌ ነው። ዝናቡ፣ ስኳሩ፣ ያ የፋሲካ ፊታቸው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«አይተውታል እማዬ» አልኳት። «በሐምሌ ሚካኤል ሱቄ መጥተው ነበር፤ ትዝ አይልሽም? አነጋገርሻቸው ወይ ብዬ ሮጬ የመጣሁ ቀን። ‹እናትሽ አነጋገረችኝ› ብለው ስኳር አስጨምረው ጠጡ።»

«እንዲህ አሉ?»

«እንዲህ አሉ።»

እናቴ ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፤ ወጣችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ሲሳይ ከሄደ ወዲህ ስታለቅስ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው፤ የእሳቸውንም የእሱንም አብራ አለቀሰችው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እስኪያያት ድረስ አለቀሰች። ካበቃች በኋላ እጇን ይዤ አስገባኋትና በሩን ልዘጋ ስል «ተይው» አለችኝ። እስከ ዛሬም ቀን ቀን አይዘጋም።